ኢታኖል ሞተር ይበላል? ለድሬዳዋና ለሐረር ባለመኪናዎች

«ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሞተር ይበላል» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ካለ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጋራዥ ደጅ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። «አቦ፣ አልኮል ነው እኮ! እንዲያውም ሞተር ያጥባል» የሚል ተከራካሪም አይጠፋም። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አያወሩም። ሁለቱም ግን ነገሩን በግማሹ ነው የያዙት። ግማሽ እውቀት መኪና ላይ ሲሆን ደግሞ ብር ያስወጣል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ኢታኖል 10 በመቶ ከሆነ ፒስተኑም፣ ሲሊንደሩም፣ ቴስታታውም አይዝጉም። ስጋቱ ያለው ነዳጁ ሞተር ጋ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሰልባቲዮው (ነዳጅ መያዣው)፣ የጎማ ቱቦው፣ ፖምፓው፣ ፊልትሮው፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ። እነሱም ቢሆኑ በዋናነት የሚጎዱት መኪናው አሮጌ ሲሆን፣ ነዳጁ ውስጥ ውሃ ሲገባና ነዳጁ ተቀምጦ ሲከርም ነው። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ጉዳቱ ቀልድ አይደለም።

ጉዳዩ እኛን ለምን ያሳስበናል? በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንደማይገቡ አስታውቋል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለችው ቪትዝ፣ ያለችው ዲኤክስ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ሐረር ላይ ደግሞ የፔጆ 404 ታክሲዎች አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረተች መኪና ናት። ያን ጊዜ የፔጆ መሐንዲሶች ስለ ኢታኖል አላሰቡም። ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

የሚቀላቀለው ምንድን ነው?

ኢታኖል አረቄ ውስጥ ያለው ያው አልኮል ነው። ልዩነቱ ውሃው በደንብ ወጥቶለት ንጹሕ መሆኑ ነው። እኛ አገር የሚሠራው ከሞላሰስ ነው፤ ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ተረፈ ምርት። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች አምርተውታል። ቅልቅሉ አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤንዚን በዶላር ይገዛል፤ ሞላሰስ የራሳችን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የተነዳ፣ ኋላ ተሽጦ ወደ ድሬ የወረደ መኪና ኢታኖል ቀምሷል ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ላያውቅ ይችላል። «የእኔ መኪና ኢታኖል አይስማማትም» ከማለታችሁ በፊት የት እንደተነዳች መጠየቅ አይከፋም።

በዓለም ላይ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉም 10 በመቶ ኢታኖል አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 መደበኛ ቤንዚኗን ወደ 10 በመቶ አሳደገች። ህንድ 20 በመቶ ደርሳለች። ብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 30 በመቶ ወጥታለች። ነዳጁ በ«ኢ» ፊደልና በቁጥር ይጠራል። ኢ10 ማለት ከ100 ሊትሩ 10 ሊትሩ ኢታኖል ነው ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጣ የቅርብ ጊዜ መኪና ካላችሁ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈቱና ተመልከቱ። ኢ5 ወይም ኢ10 የሚል ክብ ምልክት ተለጥፎበት ይሆናል። ያ ምልክት ከጎረቤት ወሬ ይበልጣል።

ውሃ የሚጠጣ ነዳጅ

ቤንዚንና ውሃ አይዋደዱም። ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ ከታች ይቀመጣል። መካኒኩ ሰልባቲዮውን ከስር ፈትቶ ያፈሰዋል፤ ነገሩ አለቀ። ኢታኖል ግን ውሃ ይወዳል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጨው በክረምት እንደሚረጥበው፣ ኢታኖልም ከአየሩ ሳይቀር እርጥበት ይስባል። የሳበውን ውሃ ከቤንዚኑ ጋር አዋህዶ ይይዘዋል። በዓይን አይታይም።

ትንሽ ውሃ ሲሆን ይሄ እንዲያውም ጥሩ ነው። ውሃው ከነዳጁ ጋር ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል። ችግሩ ልክ አለው። ኢ10 በቀዝቃዛ አየር፣ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ መያዝ የሚችለው ውሃ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። 40 ሊትር በሚይዝ ሰልባቲዮ ውስጥ ይሄ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው ብቻውን አይወርድም፤ ኢታኖሉንም ይዞት ይወርዳል። ከላይ ኢታኖሉ የወጣለት ቤንዚን ይቀራል። ከታች ደግሞ ኢታኖልና ውሃ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይተኛል። ፖምፓው የሚስበው ከታች ነው። መኪናው ያን ከሳበ አይነሳም፤ ቢነሳም ይርገፈገፋል።

የእኛ አካባቢ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ነዳጅ ሲሞቅ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ድሬዳዋ ላይ በ30 ዲግሪ ውሃውን ደብቆ የያዘ ነዳጅ ማታ ደጋ ላይ ሊለቀው ይችላል። ታኅሣሥ 19ን አስቡት። ከድሬ በሙቀቱ ሞልታችሁ ቁልቢ ወጣችሁ። መኪናው በዚያ ብርድ ደጅ አደረ። ነዳጁ ውስጥ የነበረው ውሃ ልኩ ላይ ደርሶ ከነበረ ጠዋት መኪናው አልነሳ ሊል ይችላል። ሰው ባትሪውን ይጠረጥራል፣ ካንዴላውን ይጠረጥራል። ችግሩ ግን ከሰልባቲዮው ስር ተኝቷል።

ደግነቱ የድሬ አየር ደረቅ ነው። ከአየር ብቻ ያን ያህል ውሃ ለመሳብ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ብዙውን ጊዜ ውሃው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ዝናብና ጎርፍ ከገባበት የማደያ ጉድጓድ፣ በደንብ ካልገጠመ የሰልባቲዮ ክዳን፣ ታጥቦ ሳይደርቅ ቤንዚን ከተቀዳበት ጀሪካን። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ፕላስቲኩ በምን እንደታጠበ ማን ያውቃል? ላምባ ተጨምሮበትም ሊሆን ይችላል። በዚህ የተጎዳ ሞተር ስንቱ በኢታኖል ስም ተወቅሷል! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛው ሳይታወቅ መፍትሔው አይገኝም።

ዝገቱ እንዴት ይመጣል?

ቤንዚን ብቻውን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ኢታኖል፣ ይልቁንም ውሃ የጠጣ ኢታኖል፣ ያስተላልፋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው እንዲህ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ በመካከላቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል። ያን ጊዜ አንዱ ብረት ይበላል። ካርቡሬተር ለዚህ የተመቸ ነው። አካሉ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ነው። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ያሉባቸው ክፍሎች ናስ ናቸው። ወራት ቆሞ የከረመ መኪና ካርቡሬተር ሲፈታ ከታች ነጭ ዱቄት ከተገኘ የተበላው ብረት ነው።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ኢታኖልና ውሃ ተለይተው ከታች ሲቀመጡ ባክቴሪያ ይራባበታል። ኢታኖሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶ ውስጥ ወዳለው አሲድ ይቀይረዋል። የሰልባቲዮ ስር የሚበሳበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። የድሮ ሰልባቲዮዎች ብረታቸው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል የተለበጠ ነው። ይህ ልባጭ ለቤንዚን በቂ ነበር፤ ለአልኮልና ለአሲድ ግን አይበቃም። ብራዚል በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአልኮል ብቻ የሚሠሩ መኪናዎችን ስታወጣ መጀመሪያ የገጠማት ይሄው ነበር። ካርቡሬተሮቹ ተበሉ። ፋብሪካዎቹ ካርቡሬተሩን በኒኬል፣ ሰልባቲዮውን በቆርቆሮ መለበጥ ጀመሩ። መፍትሔ ተገኘለት።

ሦስተኛው ዝገት አይደለም፤ ግን ሰው ከዝገት ጋር ያምታታዋል። ኢታኖል አሟሚ ነው። በዓመታት ውስጥ ሰልባቲዮው ላይ የተጋገረውን ዝቃጭና የዝገት ብናኝ ፍቆ ያወርደዋል። «ሞተር ያጥባል» የሚሉት ሰዎች ያዩት ይሄን ነው። እውነት ነው፣ ያጥባል። እጣቢው ግን የት ይሄዳል? መጀመሪያ ፊልትሮው ይደፈናል። ካልሆነም ካርቡሬተሩ ወይም የመርጫው ቀዳዳ። መኪናው ኢታኖል ባገኘ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙሊቶች መንተፋተፍ ሲጀምር «በላው!» ይባላል። ብዙ ጊዜ ፊልትሮ መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጎማውም አለ። የድሮ ላስቲክ፣ ቡሽና አንዳንድ ፕላስቲክ ኢታኖል ሲያገኝ ይነፋል፣ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄኛውን ነው። የተበላ ካርቡሬተር መኪና ያቆማል። የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ ግን በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። እሳት ነው። ገንዘብ ስታወጡ ከዚህ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ዘይቱ ውስጥ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጠራቀማል። ኢታኖል ሲኖር ይህ ይብሳል፤ ዘይቱም ቶሎ አሲድ ይሆናል። ከሳቢያን ከዚራ እየተመላለሰ የሚውል የቤት መኪና እንዲህ ነው። ዘይቱን በጊዜው መቀየር ይበቃዋል።

የእኔ መኪና የትኛው ናት?

ሐረር ላይ አንድ የፔጆ ሹፌር «ልጄ፣ ይቺ መኪና ከእኔ ጋር አብራ ነው ያረጀችው፤ ሌላውን ተወውና ለእሷ የሚሆነውን ንገረኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጥያቄው ስለ ኢታኖል ብቻ ሳይሆን ስለ መኪናዋም ነው።

ለፔጆ 404 እና ለእኩዮቿ የምለው ይሄ ነው። የነዳጅ ቱቦው ሁሉ ኢታኖል በሚችል ላስቲክ ይቀየር። የፖምፓው ላስቲክና የካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮኖችም (መሐል የሚገቡት ማሸጊያዎች) እንዲሁ። ዕቃ ስትገዙ ቫይተን የሚባለውን ዓይነት ላስቲክ ጠይቁ፤ ኢታኖል አይበግረውም። ሰልባቲዮው አንዴ ወርዶ ይታይ፣ ይታጠብ። ይህን ካደረጉ በኋላ 10 በመቶ አያስፈራም። የሐረር ከፍታ እንዲያውም ያግዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በፋብሪካ ልኬት ላይ ያለ ካርቡሬተር ለዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል። ኢታኖል ደግሞ የራሱ ኦክስጅን ስላለው ድብልቁን በትንሹ ያሳሳዋል። የበዛውንና የሳሳውን ያቀራርበዋል። ካርቡሬተሩ አስቀድሞ ለሐረር አየር በጥንቃቄ ተስተካክሎ ከሆነ ግን እንደገና መታየት አለበት። አለዚያ ሞተሩ ይግላል።

ዲኤክስና የዚያ ዘመን ቶዮታዎች መሐል ላይ ናቸው። 10 በመቶ ለሞተራቸው አያስፈራም፤ ቱቦዎቻቸው ግን ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ኢታኖል ባይኖርም መቀየር ያለባቸው ቱቦዎች ናቸው። ቪትዝና ሌሎቹ በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩ መኪናዎች በቀላሉ ያልፉታል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ኦክስጅኑን አይቶ የነዳጁን መጠን ራሱ ያስተካክላል። አሜሪካ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተመረቱ መኪናዎች እስከ 15 በመቶ ፈቅዳለች።

ባጃጅ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ድሬ ያለ ባጃጅ ድሬ አይደለችም። ባጃጅ የህንድ ምርት ነው። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የሚወጡ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች 20 በመቶ እንዲችሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ከዚያ በፊት የተመረቱት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። 20 በመቶው አገሪቱን ባዳረሰበት በ2025 እ.ኤ.አ. ባለንብረቶች ብዙ አጉረመረሙ። የህንድ መንግሥት ሲመልስ በአንዳንድ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ ላስቲኮችና ጓርኒሲዮኖች መቀየር ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ተናግሯል። ይህን ቁጥር ወደ ድሬ አምጡት። ለቤት መኪና 20,000 ኪሎ ሜትር የዓመት ከመንፈቅ፣ የሁለት ዓመት መንገድ ሊሆን ይችላል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ባጃጅ ግን ስምንት ወር እንኳ አይሞላም። የቅልቅሉ መጠን እዚያ ከደረሰ የባጃጅ ባለቤት የላስቲክ ወጪን እንደ ዘይት ቅያሪ የዓመት በጀቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላላቸው አሮጌ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ውሃና ኢታኖል ተለይቶ ከታች ሲተኛ ዘይቱ ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ይቀራል። ሞተሩ ከታች ያለውን ሲስብ ዘይት የሌለው ነገር ሳበ ማለት ነው። ፒስተኑ ይነክሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እዚህ ላይ ጉዳቱ ከቱቦና ከካርቡሬተር አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል።

ደንገጎ ዳገት ላይ

ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣላችሁ። በከባድ ማርሽ፣ በቀስታ፣ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና እየተከተላችሁ። ሞተሩ ይግላል። ነፋስ የለም። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና ድንገት ትተነፍስና ትቆማለች። ነዳጁ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ፖምፓው እንፋሎት እየሳበ ነው።

ኢታኖል ይህን ያባብሳል። ኢታኖል ለብቻው ከቤንዚን ያነሰ ነው የሚተነው። ከቤንዚን ጋር በ5 ወይም በ10 በመቶ ሲቀላቀል ግን ድብልቁ ከንጹሕ ቤንዚኑ ይበልጥ በቀላሉ ይተናል። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ፈሳሽ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ሙቀቱም፣ ከፍታውም፣ ነዳጁም በአንድ ዳገት ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የድሮ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ያደርጋሉ፤ ይሠራል። ዘላቂው ግን የነዳጅ ቱቦውን ከጋለው ብረት አርቆ ማሰር ነው። ወይም ሰልባቲዮው አጠገብ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ማስገባት፤ ከኋላ የሚገፋ ፖምፓ ከፊት ሆኖ ከሚስበው ይሻላል። በኮምፒውተር የሚሠሩት መኪናዎች ፖምፓቸው ሰልባቲዮው ውስጥ ስለሆነና ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ይህ ችግር ብዙም አያገኛቸውም። በሰልባቲዮው ታች ሁልጊዜ ነዳጅ ይኑር እንጂ፤ ፖምፓው የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው።

ኪሎ ሜትሩ በስንት ወጣ?

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ብዙ ሰው ዝገቱን ይፈራል፤ በየቀኑ ከኪሱ የሚወጣውን አይቆጥርም።

አንድ ሊትር ኢታኖል ውስጥ ያለው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ስለዚህ ኢ10 ከንጹሕ ቤንዚን በ3 በመቶ ወይም ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ያንሳል። 20 በመቶ ሲሆን ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ለምሳሌ ያህል በሊትር 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ እንውሰድ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። በንጹሕ ቤንዚን በወር 104 ሊትር ይበቃዋል። በኢ10 ወደ 3.5 ሊትር ይጨምራል። በኢ20 ወደ 7.5 ሊትር። የዛሬውን የማደያ ዋጋ አባዙበት። ለቤት መኪና ባለቤት ቀላል ነው። የቀን ገቢ አስረክቦ በቀረው ለሚኖር የባጃጅ ልጅ ግን 7.5 ሊትር ቀላል አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ፍትሐዊ ዋጋ ማስላት ይቻላል። ንጹሕ ቤንዚን 100 ብር ቢሆን ኢ10 ከ97 ብር በታች፣ ኢ20 ደግሞ 93 ብር አካባቢ መሸጥ አለበት። ያን ጊዜ ሹፌሩ አይጎዳም። እኩል ዋጋ ከተሸጡ ልዩነቱን የሚከፍለው ሹፌሩ ነው። የህንድ ባለመኪናዎች ቅሬታም ከዝገቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነበር የጠነከረው፤ ኪሎ ሜትሩ ቀነሰ፣ ዋጋው አልቀነሰም። እኔም ብሆን ይሄ ቅሬታ ተገቢ ነው እላለሁ። ብራዚሎች ይህን ስሌት የዕለት ልማድ አድርገውታል። እዚያ ማደያ ላይ ንጹሕ አልኮልና የተቀላቀለ ቤንዚን ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አብዛኛው መኪና ሁለቱንም ይችላል። የአልኮሉ ዋጋ ከቤንዚኑ 70 በመቶ በታች ከሆነ አልኮል ይሞላሉ፤ ከበለጠ ቤንዚን።

ኢታኖል ኦክቴኑ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍተኛ መሆኑ እውነት ነው። ኦክቴን ግን ለሚያስፈልገው ሞተር ነው የሚጠቅመው። ለፔጆ 404 ወይም ለባጃጅ ተጨማሪ ጉልበት አይሰጥም። «ኦክቴን ጨማሪ» እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን በውድ ከመግዛት ያን ብር ለቱቦ ማዋል ይሻላል። «ውሃ የሚያጠፋ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ውሃና ኢታኖል አንዴ ከተለዩ ጠርሙስ አይመልሳቸውም፤ ያለው አማራጭ ሰልባቲዮውን ማፍሰስ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ጀሪካን፣ የቆመ መኪና

ነዳጅ ሲጠፋ እዚህ ያለው ልማድ ይታወቃል። ሰው በጀሪካን ያከማቻል። ይህ ለእሳት አደጋ መሆኑን ለጊዜው ልተወውና፣ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ለክምችት አይሆንም። በደንብ በታሸገ ዕቃ ሦስት ወር ገደማ ቢቆይ ነው። ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ከዚያም ያነሰ።

መኪናውን አቁሞ ውጭ አገር የሚሄድም ብዙ ነው። ወንድምህ ወይም እህትሽ መኪናቸውን «አደራ» ብለው ከሄዱ ሰልባቲዮው ይሞላ፤ ባዶ ቦታው ሲያንስ እርጥብ አየር የሚገባበት ቦታም ያንሳል። ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ በየሳምንቱ ሁለት ሳምንቱ ይነዳ። ማስነሳት ብቻ አይበቃም፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ደርሶ እስኪሞቅ ይሂድ። ለብዙ ወራት የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ተፈትቶ ይፍሰስ። ነጩ ዱቄት የሚሠራው እዚያ ነው።

የሞላችሁት ቤንዚን ኢታኖል እንዳለው ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዙ። ቀጥ ያለ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አዘጋጁ። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና የውሃው ጫፍ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ 45 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሩ። ክዳኑን ዝጉ፣ በደንብ ናጡት፣ አስቀምጡት። ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከታች ያለው ፈሳሽ ምልክቱ ላይ ከቆመ ኢታኖል የለም። ወደ እጥፍ ከፍ ካለ ኢታኖሉ 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከቤንዚኑ ወጥቶ ውሃው ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ላምባ መጨመሩን አያሳይም። የናጣችሁትን ቤንዚን ደግሞ መኪናው ውስጥ አትመልሱት፤ ውሃ ጠጥቷል።

ፍተሻው ኢታኖል አለ ካላችሁና መኪናዋ አሮጌ ከሆነች፣ በዚያው ሳምንት መካኒኩ ጋ ሂዱ። አዲስ ፊልትሮ ይግባላት። አንድ ትርፍ ፊልትሮም ወንበሩ ስር ይቀመጥ፤ ከሁለት ሦስት ሙሊት በኋላ የመጀመሪያው መደፈኑ አይቀርም። ሞተሩ ሲበርድ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ጫን እያላችሁ ፈትሹ። የለሰለሰ፣ ያበጠ ወይም ጣት ላይ ጥቁር የሚለቅ ቱቦ ካለ ለነገ አይባልም፤ የዚያኑ ዕለት ይቀየራል።